አንድ ቃልና አንድ ጋቢ

ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ጎተራውን ጠረግሁ። ደም የነካውን ገለባ አቃጠልሁ፣ ዳጉሳውን መልሼ ሞላሁበት። የሸሸግሁት ቁስለኛ አርበኛ ከሄደ ሦስት ቀን። ዘጠኝ ቀን እዚያ ውስጥ ተኝቶ አማቴ እንኳ አላዩትም። ሄዷል፣ ግን ሳሉ ዛሬም ከጎተራው ይሰማኛል። ጎተራ እንደሚያስል አላውቅም ነበር።

ወረቀቴ፣ ይህ ላንቺ ብቻ። ባዶው ቀፎ ውስጥ ነው የማኖርሽ፤ ንብ የሸሸው ቀፎ ውስጥ እጁን የሚሰድ የለም።

የአርበኛ ስም አለማወቅ ይሻላል ብዬ አልጠየቅሁትም። ሊሄድ ሲል የክርስትና ስሙን ብቻ ነገረኝ። ተክለ ማርያም፣ የቋሪት ገበዝ ማርያም ሰው። ብሞት በጸሎት አሳስቢኝ አለ። እሺ አልሁት። እግሩ አልዳነም፣ ብርድ ነበር። የባሌን የአያሌውን ጋቢ ደረብሁለት፤ ባለድርብ ጥለቱን፣ ራሴ የፈተልሁትን። አያሌው በረሃ ከገባ ሁለት ዓመት አለፈው። ሣጥን ውስጥ ብል ከሚበላው፣ ብዬ።

ኅዳር ፲፭

ጾም ገባ። ሽምብራ ለቀምሁ። ከዚያ የአያሌውን የመጽሐፍ ቅጠል አወጣሁ።

አያሌው ከጠላት በፊት ዳንግላ ለተቀመጠ አንድ እንግሊዝ በቅሎ ይጭን ነበር። ሰውዬው ከቃላት መፍቻ መጽሐፉ ቀድዶ የጣለውን ቅጠል አያሌው አነሣ። ገጹ ሙሉ ባንድ የእንግሊዝ ቃል ፍቺ ነው። ኪፕ። አያሌው አስተርጓሚውን እየጠየቀ ዳር ዳሩን በእርሳስ ጻፈበት። ያዘ። አኖረ። ጠበቀ። አቆየ። ሸሸገ። በዓል አከበረ። ጾም ያዘ። ከብት አረባ። ቃሉን አጸና። ሁለት ሌላም አለ፤ ባንድ ላይ አሥራ አንድ ነው። የአሥራ ሁለተኛውን ቁጥር ጽፎ ፊቱን ባዶ ትቶታል፤ በቅሎዎቹ ተጭነው ነበር፣ መንገድ ሆነ።

እኔ ፊደል የለየሁ በዚህ ቅጠልና በጨው መጠቅለያ ነው። ያኔ ፈረንጅ ቃል ቸግሮት ነው ወይ ላንዲቱ ይህን ሁሉ እንደ አህያ የሚጭናት ብዬ ስቄ ነበር። አንቺስ አንድ ሆነሽ ሚስትም ፈታይም ከሳሽም ነሽ አይደል ብሎ መለሰልኝ።

አሁን በቀን አንድ ፍቺ እወስዳለሁ፣ ሲያልቅ እንደገና። ቀኑን በዚያ እይዘዋለሁ። የዛሬው ቀላል ነው፤ ጾም ያዘ።

ኅዳር ፳፪፣ ረፋድ

ውሻው ጮኸ። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ሰው። ብዙ ሰው፣ ዝም ብሎ የቆመ። እንዲያ ዝም ብሎ የሚቆም መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። አማቴ እማሆይ ማንም ሳይናገር በጉልበታቸው ወደቁ።

ከፊት ዳምጤ ነው፣ የባሌ ታናሽ። ቡሬ ምሽግ ለጣሊያን ጠመንጃ ይሸከማል። ባንዳ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ፈጠም ወንዝ ዳር ሬሳ አይቷል። ፊቱን አውሬ በልቶታል፣ ጋቢውን ግን ለየው። ድርብ ጥለት። ወታደሮቹ እንዳይቀበር ከልክለው፣ ተደብቆ ተመልሶ ድንጋይ ከመረበት። ይህን ሲነግረን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነው።

አፌን ከፈትሁ። ጋቢውን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ ልል። ለማን ይለኛል። ባለፈው ወር ማዶ ሽፍታ አሳደራችሁ ተብሎ ሦስት ቤት ከነከብቱ ነደደ። አፌን ዘጋሁ። ሁሉም ጮኸ። እኔም ጮኽሁ፣ ለዚያኛው። ፀጉሬን ላጩኝ።

ኅዳር ፳፭

ባሌን በአፌ ገደልሁት።

ለቅሶው ላይ የሚታይ የሟች ጠመንጃ ስለሌለ በቅሎዋን ኮርቻ ጭነው አዞሩለት። በቅሎዋ ሣር እየቀማች አስቸገረች። አልቃሿ የአያሌውን ጀግንነት አወረደች። የምሰማው ሳል ነው።

ዳምጤ ከምሽጉ የተፈላጊ ሰዎች ዝርዝር አያሌው ተሰርዟል አለኝ። አይዞሽ እታለም፣ ከእንግዲህ ቤትሽን የሚፈትሽ የለም። እንግዲያ ዝምታዬ ጠቅሟል። አያሌው በሕይወት ካለ ሞተ መባሉ ይጠብቀዋል። እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ውኃ በቅል ይዤ ጎተራው በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ለማን ይዤ?

ታኅሣሥ ፲፩

ለተዝካሩ ጌሾ ወቀጣ። ጎረቤቴ ራስሽ እንደ ቅል አበራ፣ መብራት ተርፎሻል አለችኝ። ሳቅሁ። በሳቄ አፈርሁ።

በአርባው ቄሱ የሚያነሡት የክርስትና ስም ነው። ገ/ሚካኤል ብለው ባሌን ከሙታን ጋር ሊጠሩት ነው። ምናልባት በሕይወት ያለውን። ያኛው ድንጋይ ሥር ሆኖ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ አይነሣም። እሺ ብዬዋለሁ።

የዛሬው ፍቺ፦ ቃሉን አጸና። ዘልዬው ሌላ ልወስድ ፈለግሁ። ዓይኔ በሌላው ላይ አልቆም አለ።

ታኅሣሥ ፳

መምሬ ጥሩነህ ዘንድ ሄድሁ፣ የንስሐ አባታችን። ሁሉን ተናዘዝሁ፤ በተዝካሩ የዚያኛው ስም ይጠራልኝ አልሁ። መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። ዳምጤ የወንድሙን የክርስትና ስም ያውቃል ወይ አሉ። አያውቅም፣ በአያሌው ክርስትና ጊዜ ገና አልተወለደም። እማሆይስ? ያውቃሉ እንጂ አልሁ፣ ወላጅ ናቸው።

እሳቸውም ቤተሰብ አላቸው፣ የሳር ቤት አላቸው። እምቢ ይሉኛል ብዬ ተነሣሁ።

«ልጄ፣ እኔ የምጠራው የሰጡኝን ስም ነው» አሉ።

ጥር ፩፣ ልደታ

ተዝካር። ሰው ዳሱን ሞላው። ዳምጤ ጠላ ያዞራል፣ ጠመንጃውን ባላው ላይ ሰቅሎ።

መምሬ ጸሎቱን ጀመሩ። ነፍሰ ገብርከ ተክለ ማርያም። እማሆይ ቀና አሉ። ያረጁ ቄስ ተሳሳቱ ብለው መሰለኝ። መምሬ ደግመው ጠሩት። ለቅሷቸው እንደ ክር ተበጠሰ። እኔን አዩኝ። ዳምጤ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ እናቱ ዞረ። አንዲት ቃል ቢያወጡ እኔም ቤቱም አመድ ነን።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ከበፊቱ ይልቅ ከፍ አድርገው አለቀሱ። ዳምጤ ጠላውን መቅዳት ቀጠለ። ከጎኔ አንዷ የእናት አንጀት አለች።

ጥር ፪

ጠዋት። እማሆይ ጎተራው ጥላ ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ነገርኋቸው። ልጄ አለ ወይ ብለው አልጠየቁም፣ እኔም አለ አላልሁም። ፈጠም ዳር ያለው እሱ እንዳልሆነ ብቻ ነው የማውቅ። ከተዝካሩ ጠጅ አንዲት ቅል ደፍነሽ አኑሪለት አሉ። ደፈንሁ።

«ያኛውስ፣ እናት አለችው?»

አላውቅም አልሁ።

«ካለችው ትጠብቃለች። እኔ አርባ ቀን ያለቀስሁት የሷን ለቅሶ ነው። ሂጂ፣ አድርሺላት።»

በእጃቸው የተላጨውን ራሴን ዳሰሱ።

ከሰዓት በኋላ።

ስንቅ ቆላሁ። ለዳምጤ ለገበዝ ማርያም ስለት አለብኝ እለዋለሁ። መበለት ስለት ቢኖርባት ማን ይጠረጥራል። የክርስትና ስሙን ለደብሩ ቄስ እነግራለሁ፣ ቤቷን ያሳዩኛል።

አሥራ ሁለተኛውን ልሞላው ከሰል አንሥቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥሁት። ያ ቦታ የአያሌው ነው። ቅጠሉን ካንቺ ጋር ቀፎው ውስጥ እተወዋለሁ፣ በመንገድ የእንግሊዝ ጽሕፈት ይዞ መገኘት ያሰቅላል።

መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገር። ከመንደሩ ዳር አድሬ ማለዳ በሯ ላይ እቆማለሁ፣ ዝም ብዬ። ውሻ ካላት ይጮሃል።