ስድቤን መልሺልኝ

ብላክፑል፣ ሐሙስ ጠዋት

ውድ ፍሎሲ፣

ይህን ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብልሽ ትራም ነጂው ትሬቨር እንደሆነ አውቃለሁ። እሁድ እሁድ ዊግሽን አጥልቆ፣ ከንፈሩን ቀብቶ፣ ቀሚስ ለብሶ አንቺን የሚሆነውም እሱ ነው። ለእሱ ሰላምታ ብቻ አድርሺልኝ፤ ጉዳዬ ካንቺ ጋር ነው። እሁድ «መልህቁ» መጠጥ ቤት የምትዘፍኚው ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ጉልበትሽን ፀሐይ ልታስመቺው ስፔን እንደምትገቢ ሰማሁ። መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። ግን ሳትሄጂ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስደቢኝ።

አትሳቂ! ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። «መሰደብ የማይፈልግ ሽንት ቤቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ፊተኛው ጠረጴዛ ላይ የተጎለተ ግን የመጣበትን ያውቃል» ትይ ነበር። እኔና ራልፍ እሁድ ከሰዓት ከዚያ ጠረጴዛ ተለይተን እናውቃለን? በቀይ ቀሚስሽ፣ የውሸት ጡትሽን እንደ ትሪ ተሸክመሽ ወደኛ ብቅ ስትዪ ገና አፍሽን ሳትከፍቺ እስቅ ነበር።

«ራልፍ፣ ይቺን ስታገባ ዓይንህ ያይ ነበር?»

«ያይ ነበር፤ መብራት አጥፍተው ዳሩኝ እንጂ! ይልቅ አንቺ ጢምሽን ተላጪ!»

«የኔስ ይላጫል፤ የዶሪንን አይተኸዋል?»

«ሂጂ ወዲያ፣ ባለጌ!» እላለሁ እኔ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ ፒያኖው ይጀምራል። በሠርጋችን የደነስንበትን ያንን የፍቅር ዘፈን፣ ግጥሙን አበላሽተሽ ታወርጂው ነበር፤

*ባሕሩ ቢደርቅም፣ ኮከቡ ቢረግፍ፣*
*ዶሪንን አይነካም ሰነፉ ራልፍ፤*
*ስታባብል አድራ፣ ስትለምን ነግቶ፣*
*ዋናው እንደተኛ፣ ራልፍ ብቻ ተነሥቶ!*

ራልፍ በሳቅ ሲፈርስ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ቢራው ብርጭቆ ውስጥ ይከተው ነበር። ድንች ጥብሳችንን ይዘን በባሕሩ ዳር ወደ ቤት ስንመለስም እሷኑ እየዘፈነ ነው። «ኧረ ሰው ይሰማል!» ብዬ እቆነጥጠዋለሁ፣ እሱ ይብስበታል። ቤት ከገባን በኋላ ደግሞ ዘፈኗን ውሸት ሊያደርጋት የሚሞክርበት ቀን ነበር። ልንገርሽ አይደል፣ ይሳካለትም ነበር።

ሊሞት ሲል «በቀብሬ ፍሎሲ ትዝፈንልኝ» አለ። አንቺ ግን ትሬቨርን ላክሽው። ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዘፈኑን በትክክለኛው ግጥም ዘፈነው።

*ባሕሩ ቢደርቅም፣ ኮከቡ ቢረግፍ፣*
*ካንቺ አልለይም፣ ልቤ እስከሚያርፍ።*

ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ከዚያ ግጥም ውስጥ ባሌን ብፈልገው አጣሁት። የማንም ባል ሊሆን የሚችል ሰው ነበር የተዘፈነለት።

ለዚህስ አልተቀየምኩሽም፤ በቀብር ላይ ማን ይባልጋል። የሚቀጥለው እሁድ ነው ያቃጠለኝ። እንደልማዴ ፊተኛው ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። ወፍራሙን ሥጋ ሻጭ ሰደብሽ፣ መንትዮቹን እህትማማቾች ሰደብሽ፣ እኔ ጋ ስትደርሺ ትከሻዬን ነካ አድርገሽ «እንዴት ነሽ፣ የኔ እናት?» ብለሽ አለፍሽ። የኔ እናት! ዕድሜያችን እኩል ነው እኮ፣ አንቺ! ከዚያ ወዲህ እየነካሽኝ ማለፍ ሆነ ሥራሽ። ከተማውም እንዳንቺው ነው። ዓሣ ሻጩ ሲያየኝ ድምፁን ይቀንሳል፤ ፀጉሬን የምትሠራው ልጅ እንኳ ሐሜቷን ትታ ስለ አየሩ ታወራልኛለች። ሁሉም እንደ እንቁላል ይዞኛል፤ መሮኛል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍሎሲ። ራልፍ ናፍቆኛል። ፎቶውን አያለሁ፣ መቃብሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ እዚያ የለም። አንቺ ስትሰድቢኝ ነበር ከጎኔ ቀና ብሎ የሚመልስልኝ። አሁንም ስድቡ ከመጣ መልሱን የምሰማው ይመስለኛል። ባልሰማውም፣ ከስድቡ በኋላ ዝም የተባለባት ቦታ የሱ መሆኗን አውቃለሁ።

ስለዚህ እሁድ እመጣለሁ። ያንን «ከሬሳ ላይ ነው የገፈፍሽው?» የምትይኝን ኮት እለብሳለሁ፤ የራልፍን ወንበር ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቅድም። ዘፈኑን በተበላሸው ግጥም ዝፈኚልኝ። ባሏ የሞተባትን ሴት እንዴት እሰድባለሁ ብለሽ ከተጨነቅሽ፣ እኔው ጨምሬልሻለሁ፤

*አሁን ግን ሁለቱም አብረው ተኙላት፣*
*ዶሪን ብቻ ነቅታ፣ አልጋዋ ሰፋባት።*

ሰው ልሳቅ ወይስ ልተው ብሎ ፊት ፊቴን ያያል። አታቁሚ፣ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ። ትከሻዬን ብትነኪኝ ግን ጣትሽን ነክሼ ነው ስፔን የምልክሽ።

ያንቺዋ አስቀያሚ፣
ዶሪን፣ ከፊተኛው ጠረጴዛ