የቡችላዋ ዋጋ

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ። በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፣ ጤናህን አያጓድልብኝ። እኛ አለን፤ የአባትህ ደረት ግን ብሶበታል። ሐኪሙ «የውሻ ፀጉር ከቤት ይውጣ» ብሎ ቁርጡን ነገረን። እናም ልጄ፣ ትተህልን የሄድካትን ቡችላ ሸጥናት።

መጀመሪያ የመጣው የጋራዡ ባለቤት ነው። ዘሯ ንጹህ መሆኑን ሲያይ የጠየቅነውን እጥፍ እከፍላለሁ አለ።

«የት ልታኖራት ነው?» አልኩት።

«በሰንሰለት፣ በሩ ላይ። ካልተራበች አትናከስም» አለና በማጅራቷ አንጠለጠላት። ጮኸች።

«አስቀምጣት! አልሸጥም!» አልኩት።

«ለመድኃኒት ይሆንዎታል እኮ፣ እማማ» ብሎ ቡችላዋን አልለቅም አለ። ያኔ አባትህ እያሳለ ወጥቶ ቡችላዋን ከእጁ መነጨቃት።

በማግስቱ ጎረቤታችን አዋላጇ መጣች። ግቢዋ ሰፊ ነው። አንተ የገዛህበትን ግማሽ አልኳት፤ በነፃ ብሰጣት ነገ ለሌላ ታሳልፋታለች ብዬ ፈራሁ። የክትባት ደብተሯን አገላብጣ አየችና ሳትከራከር ከፈለች።

አባትህ ግን በእሱ ደረት ሰበብ ስለሸጥናት አንተ የምትቆጣው መስሎት ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልቀምስ ብሏል። እባክህ ደውልለትና «ደግ አደረግክ፣ አባዬ» በለው። እኔ ብለው አያምነኝም።

ክፉ አይንካህ፣ የእኔ ጌታ።

እናትህ