«ባለቤትዎ የት ነው የሚተኙት?»

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» የምትል ሁለት ቃል ትልኪልኛለሽ፤ በሁለት ቃል ግን የሰው ጤና አይታወቅምና በወረቀት ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ብርድ ሲመጣ የሚያስቸግርሽ ጉሮሮሽ እንዴት ነው? የሲያትል ዝናብ ተስማማሽ ወይስ ለመድሽው ብቻ? መድኃኒት ቤቱ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ያቆምሻል? እኛ በሕይወት አለን። የጓሮው ሮማን ዘንድሮ ጥሩ አፍርቶ ነበር፣ ወፎቹ ቀደሙን እንጂ። ሱዳቤ ሰላም ብላሻለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዘለሽ እንዳታልፊያት ብዬ ነው በእጄ የጻፍኩት።

በፋርሲ የጻፍኩትም ለዚያው ነው። በእንግሊዝኛ ብጽፈው እየሄድሽ ታነቢዋለሽ። ስህተት ካገኘሽበት በቀይ አስምሪበትና መልሽልኝ፤ በልጅነትሽ ደብተርሽን እንደዚያ አደርገው ነበር፣ አንቺም ታለቅሺ ነበር። ዛሬ ቢሆን ግማሹን አላሰምርበትም ነበር።

የሱዳቤን የግሪን ካርድ ጉዳይ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ማመልከቻውን ካስገባን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እኔ የዚህ አገር ዜጋ ነኝ፤ እሷ ሚስቴ ናት፤ ሕጉ ዜጋ የሆነ ሰው ሚስቱን ከጎኑ ማኖር ይችላል ይላል። ይህ ሦስት መስመር አይሞላም። ለዚህ አራት መቶ ገጽ ማስረጃ ጠየቁን። እኔም አዘጋጀሁ፣ ገጹን ሁሉ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማውጫ አበጀሁለት። ድልድይ ስሠራ እንኳ ያን ያህል አልተጠነቀቅኩም። ከከለከሏት ወደ ኢራን፣ ወደ ሺራዝ ትመለሳለች፤ እኔ ወደዚያ መግባት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ተመልሳ ለመምጣት ስንት ዓመት እንደሚፈጅባት የጠየቅነው ጠበቃ ትከሻውን ሰበቀ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። «ስንት ዓመት» የሚባለውን ነገር እንደ ድሮው አቅልዬ አልሰማውም።

ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የሄድነው በነሐሴ ነው። ሱዳቤ አንድ ካርቶን ጣፋጭ ይዛ መኪና ውስጥ ገባች። ጉቦ ይሉሻል አልኳት። «ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም» አለች። ሰው ቤት ሳይሆን ቢሮ ነው ብላት «ቢሮው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ካርቶኑ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ እሷም እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ አኮረፈችኝ።

ኦፊሰሩ ጢሙን በጥንቃቄ የከረከመ ትሑት ወጣት ነው። ለሱዳቤ የሚያስተረጉምላት አንድ የአፍጋኒስታን፣ የሄራት ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጧል። ከመቀመጧ በፊት ሱዳቤ የሽማግሌውን ጤና፣ የልጆቻቸውን ጤና፣ እናታቸው በሕይወት እንዳሉ ጠየቀች፤ ሽማግሌውም በየተራ መለሱላት። ኦፊሰሩ ምን እየተባለ ነው ቢል ሽማግሌው «ገና አልጀመርንም» አሉት።

መጀመሪያ የቃል ኪዳናችንን ቪዲዮ ከፈተ። አንቺ አልነበርሽም፤ በሱዳቤ ወንድም ሳሎን ነው ያደረግነው። ሴቶቹ ከራሳችን በላይ በወጠሩት ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ትዳራችን እንዲጣፍጥ፣ ስኳር ይፈገፍጋሉ። ቃል የሚያስገባን ሰው ሱዳቤን ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷ ዝም። ሴቶቹ «ሙሽራዋ አበባ ልትለቅም ሄዳለች» ይላሉ። ደግሞ ይጠይቃታል፤ ዝም። «የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች» ይላሉ። በሦስተኛው ነው «በታላላቆቼ ፈቃድ፣ አዎ» የምትለው። ኦፊሰሩ ሁለተኛው ዝምታ ላይ አቆመውና፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ያለችን ሴት በሦስተኛው ማን አስገድዶ እሺ አሰኛት ብሎ ጠየቀኝ። በእኛ ዘንድ የሚያስጠረጥረው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያለች ሙሽራ ናት አልኩት። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞረው ሳሉ፤ ሳሉ ማለቴ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት ለማለት ነው።

ከዚያ ለያየን። እኔን ብቻዬን አድርጎ የጥርስ ብሩሿን ቀለም፣ የምትነሳበትን ሰዓት፣ ሻይዋን በምን እንደምትጠጣ ጠየቀኝ። መለስኩ። እርስዎስ የት ነው የሚተኙት አለኝ። ሳሎን፣ መሬት ላይ፣ ፍራሽ አንጥፌ፣ ራሴን ወደ መስኮቱ አድርጌ አልኩት። ከመቼ ጀምሮ አለኝ። ከአስራ አንድ ወር ጀምሮ፤ የጀርባዬ ዲስክ ተንሸራቶ ሐኪሙ ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ ብሎኛል። «ስለዚህ ከሚስትዎ ጋር በአንድ ክፍል አይተኙም» አለ። «የአንተ ዲስክ የተንሸራተተ ቀን ምርጫህን እናያለን» አልኩት። እሱንም ጻፈው።

ስለ ጀርባዬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለአንቺም። ለአዲስ ዓመታችን ለኖውሩዝ መጥተሽ ሦስት ቀን ስታድሪ ማልጄ እየተነሳሁ ፍራሹን ጠቅልዬ ከሶፋው ጀርባ እከተው ነበር። አባትሽ እንደ ሽማግሌ መሬት እየዳኸ ሲነሳ እንድታዪው አልፈለግኩም። አላየሽም ብዬም ነበር።

ቀጥሎ ሱዳቤ ገባች። ሽማግሌው በጨዋ ደንብ «ባለቤትዎ የት ነው የሚተኙት?» ብለው አስተረጎሙላት። «አልጋችን ላይ፣ በመስኮቱ በኩል» አለች። ያንኮራፋሉ? «በጭራሽ»። ምግብ ያበስላሉ? «እጁን ያየ ሁሉ ይመሰክርለታል»። ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? «ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም»። ከእኔ ጋር አስራ ስምንት ዓመት ኖረሻል፤ እንደፈለግሽ ሳቂ። ኦፊሰሩ ግን ያሰበው ሌላ ነው፦ ይህች ሴት ይህን ሰውዬ አታውቀውም።

መኪና ውስጥ ስትነግረኝ በጣም ተቆጣሁ። ለምን ዋሸሽ አልኳት። «አልዋሸሁም» አለች፤ «ባሌ መሬት ላይ ነው የሚተኛ ብዬ ለማላውቀው ጎረምሳ ልንገር? ነገ መሐንዲሱን ሚስቱ ከአልጋ አባረረችው ይባልልህ?» ማን ይሰማዋል፣ ዝግ ክፍል ነው እኮ ብላት «ተርጓሚው ፋርሲ ይሰማል፤ ተርጓሚው ደግሞ ሚስት አለው» አለችኝ። እኔ የሰው ፊት አይቼ ቃል የማልቀይር ሰው ነኝ፤ ያደግሽበት ነገር ነው። የዚያን ቀን ግን እውነት ተናጋሪው ባል እንደ አጭበርባሪ፣ ገመና ሸፋኟ ሚስት እንደ ቅጥረኛ ሆነን ወጣን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ አይገጥምም፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ አስረዱ የሚል ወረቀት መጣ። ጠበቃው ጥያቄው በትክክል አልተተረጎመልኝም ትበል፣ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው አለን። ሱዳቤ «እኔ በአፌ ላልኩት ነገር የሽማግሌውን እንጀራ አልዘጋም» ብላ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። የጀርባዬን ራጅና የሐኪሙን ወረቀት ራሴ አያይዤ ላክሁ፤ እንደገና ጠሩን።

የሁለተኛውን ቀን ቃል በቃል እነግርሻለሁ፤ በዚህ ጊዜ አብረን ነው የተቀመጥነው። ሱዳቤ ገና ሳትጠየቅ ጀመረች። «ልጄ» አለችው ኦፊሰሩን፣ «ባለፈው የነገርኩህ ባሌን ሰው ፊት እንዴት እንደማቀርበው ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ ያለውን እነግርሃለሁ። ያንኮራፋል። ሲቆጣ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። እንቁላል አቃጥሎ ድስቱን ይወቅሳል። መጎንበስ ስለማይችል ጠዋት ካልሲውን እኔ ነኝ የማለብሰው፤ ይህን ለወንድሜም አልነገርኩም።» ሽማግሌው ካልሲው ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወደ እኔ ሳያዩ አስተረጎሙት። ኦፊሰሩ ይህን ባለፈው ለምን አልነገርሽኝም አላት። «አንተን ሚስትህ ካልሲ ብታለብስህ ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለችው። አላገባሁም አላት። «እንግዲያው ስታገባ ጻፈው» አለችው። ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ነበር። ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ያገባ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ከዚያ እሷን አስወጥቶ እኔን አስቀረኝ። ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣና ፊቴ አኖረው። ለምን ከመጀመሪያው ስለ መኝታ እንደጠየቀን ያን ጊዜ ገባኝ። ስም የሌለው ደብዳቤ ነው። በተለያየ ክፍል ነው የሚተኙት ይላል። ሰውዬው ሳሎን ይተኛል፣ ፍራሹን ጠዋት ጠቅልሎ ከሶፋው ጀርባ ይደብቃል፣ ጋብቻው ለወረቀት ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ስህተት የለበትም፤ ነጠላ ሰረዙ ሁሉ በቦታው ነው። የጻፈው ሰው በልጅነቱ ደብተሩ ላይ የተጨነቀለት ሰው ነበረው።

ኦፊሰሩ የጻፈውን ሰው ያውቁታል ወይ አለኝ። ካወቁት ስሙን ይንገሩኝና ይፈርሙ፤ በቂም የተጻፈ መሆኑን ካየሁ ከግምት አወጣዋለሁ፣ ጉዳዩም ዛሬ ሊያልቅ ይችላል። ካላወቁት ግን ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ ይቆያል፣ እኔም ከእሱ ጋር ነው የምወስነው አለኝ። ስገባ ቀኝ እጄን አንስቼ እውነት ልናገር መማሌን አስታወሰኝ። ሱዳቤ ከበሩ ውጭ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ በመስታወቱ ትታየኛለች።

«አላውቀውም» አልኩት።

መኪና ውስጥ ምን እንዳስቀረኝ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ታውቀዋለህ አይደል?» አለች። መንገዱን ነበር የማየው። «ምለህ ነበር እኮ፣ አቶ መሐንዲስ» አለችኝ። ምዬ ነበር አልኳት። «እንኳን ወደ እኛ በደህና መጣህ» አለችኝ።

ውሳኔው ገና አልመጣም። ቢከለክሉን ይግባኝ እላለሁ፤ ያንንም ቢከለክሉ አራት መቶውን ገጽ ስምንት መቶ አደርገዋለሁ። እሷን ሚስቴ ያደረጋት ማኅተማቸው አይደለም፣ ማኅተማቸውም አያፋታኝም። ይህን ለእነሱም በጽሑፍ ነግሬያቸዋለሁ።

ለአንቺ ግን ሌላም የምለው አለኝ። እናትሽ ካረፈች ሁለት ዓመት ሳይሞላት ማግባቴ እንደቆረቆረሽ አውቃለሁ። ያኔ መጥቼ አጠገብሽ ተቀምጬ ልነግርሽ ሲገባኝ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩልሽ። የሥራ ስብሰባ እንደሚጠራ ሰው። ያ የእኔ ስህተት ነው፤ በቀይ አስምሪበት። ሱዳቤ የእናትሽን ፎቶ ከግድግዳው አላወረደችም። መስታወቱን በየሳምንቱ የምትወለውለው እሷ ናት፤ እኔ ክንዴ አይደርስም።

ምንም አልጠይቅሽም። መልስም ማብራሪያም አትጻፊልኝ። ለያልዳ፣ ለረጅሟ የክረምት ሌሊት በዓል ነዪ፤ ትንሿ ክፍል ተነጥፎላታል። ሱዳቤ ምንም እንደማትጠይቅሽ ንገራት ብላኛለች፤ እኔም ነግሬሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ልወጣ ስል ኦፊሰሩ፣ ስም የሌለውን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ በስሙ ፈርሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጽፍልኝ ይችላል አለኝ። የሚላክበትን አድራሻና የፋይሉን ቁጥርም በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ። ለማን እንደማደርሰው አላውቅም። እንዳይጠፋብኝ ግን በዚህ ደብዳቤ ጀርባ በጥንቃቄ ገልብጬዋለሁ፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ።

ፈጣሪ ጉሮሮሽን ይማርልሽ። ከክፉ ሰውና ከክፉ ሰዓት ይጠብቅሽ። ደጅሽ በወዳጅ ይሙላ፣ እንጀራሽ ይባረክ፣ ለምትጽፊው ሁሉ ስምሽን የምታኖሪበት ልብ ይስጥሽ።

የሚወድሽ
አባትሽ