ከዋንጫው ላይ ስለ ተፋቀው የልጄ ስም

ለክቡር ሚስተር ፐርሲቫል ዴንት፣
የሆልምክሊፍ አማተር ሯጮች ማኅበር ጸሐፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትዎን እንደ ጎዳዎት ሰምቼ፣ እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ከብርቱ እግር ጋር እንዲሰጥዎ ተመኝቻለሁ።

የልጄ የኩትበርት መርዶ የደረሰኝ በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የሰው ልብስ ሳሰጣ ነው። አብረው ድንጋይ ከሚፈልጡበት ካባ ሮጦ የመጣው ጓደኛው ኔድ ትንፋሽ አጥሮት መናገር ሲያቅተው፣ «ምን ያለከልክሃል፣ አንተ ሰነፍ! ኩትበርት ቢሆን ይሄኔ ነግሮኝ ተመልሶ ነበር» አልሁት። ቆቡን አውልቆ፣ «እማማ ዊኒ፣ ኩትበርትማ… ቋጥኙ ወደቀበት» አለኝ።

በጋዜጣ የማወጣው አቤቱታዬ እንግዲህ ይህ ነው።

አንደኛ፤ በጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ፣ በአንድ ማይል ሩጫ ልጄ ሚስተር ሊዮኔል ካትካርትን ስምንት እርምጃ ቀድሞ ሲገባ እርስዎ እጁን ጨብጠውታል፣ በሳምንቱም ስሙ የተቀረጸበትን የብር ዋንጫ ሰጥተውታል። የመዳፉ ሻካራነት ትዝ ያለዎት ግን ዋንጫው ቤቴ ከገባ ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። በደንባችሁ መሠረት በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ጉልበቱ በሥራ የጠነከረ ስለ ሆነ በጨዋ ልጆች ላይ ያልተገባ ጥቅም አለውና፣ ዋንጫው ተወስዶ፣ ስሙ ተፍቆ፣ ለሚስተር ሊዮኔል ተሰጠ። ስለ ፍትሕ መጠንቀቅዎን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ያንን ጥቅም እኔም በዐይኔ አየሁት። ልጄ ከዐሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሲጠቀም ኖሮ፣ በዚያች ማክሰኞ ጥቅሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወረደበት፤ ለማንሳት ስድስት ሰው አስፈልጓል። ሚስተር ሊዮኔል እንዲህ ያለውን ጥቅም ተነፍገው እስከ ዛሬ በሕይወት መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ሦስተኛውን በእርስዎ ላይ ላቅርበው ወይስ በራሴ ላይ፣ አላውቅም። ዘወትር ዓርብ የካትካርትን ቤት አጸዳለሁ። ባለፈው ዓርብ ወይዘሮ ካትካርት፣ «ሊዮኔል! በጭቃ ጫማ ምንጣፌ ላይ? ስንት ጊዜ ልንገርህ!» ብለው ሲጮኹ፣ ሚስተር ሊዮኔልም «ይቅርታ፣ እማዬ» ብለው ሲስቁ ሰማሁ። የወይዘሮዋን ቤት ተመኝቼ አላውቅም፣ የሐር ቀሚሳቸውንም እንደዚያው። በዚያች ቁጣ ግን ቀናሁባቸው። ጭቃውን ተንበርክኬ ስጠርግ እንባዬ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ቅናቴ ነው። እኔ ቤት ምንጣፍ የለም፤ ጭቃ ይዞ የሚገባም ከእንግዲህ የለም።

ዋንጫውን መልሱልኝ አልልም። በማኅበራችሁ መዝገብ ላይ ግን፣ በዚያ ሰኞ ቀድሞ የገባው ድንጋይ ፈላጩ ኩትበርት ኦርመሮድ እንደ ሆነ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ብዕር መያዝም የእጅ ሥራ ነውና፣ ክብርዎን የሚነካብዎት ከሆነ እኔ መጥቼ እጽፈዋለሁ።

ይህን ጋዜጣ የምታነብቡ ሁሉ፣ ይህ የኅዳር ወር የሙታን መታሰቢያ ነውና፣ ስለ ልጄ ስለ ኩትበርት ነፍስ አንድ ጊዜ አባታችን ሆይ በሉልኝ። ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት፤ ከዚህ ጋዜጣ ሌላ የተጻፈበት ቦታ የለም።

ለደንብዎ በትሕትና የምገዛ፣ እጄ የሻከረ አገልጋይዎ፣
ዊኒፍሬድ ኦርመሮድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ካትካርት ቤት የተቀመጠውን ዋንጫ በየዓርቡ የምወለውለው እኔ ነኝ። ፋቂው ቸኩሎ ኖሮ የልጄ ስም ፊተኛ ፊደል ዛሬም በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ይታወቀኛል። የሚስተር ሊዮኔል ስም ያለበትን ቦታ ግን ከሌላው አብልጬ እወለውላለሁ። ብር ለስላሳ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ እኔም ጊዜ አለኝ።