በጸሎቱ ግንብ በግራ በኩል

ውድ ወንድሜ ጃንግቡ፣

ኡርክን ነገ ወደ ተራራው ይወጣል። ይህን የምጽፍልህ ከአንተ ሌላ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው። እናታችን ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ተቀይማኝ አይደለም፤ አፏን ከከፈተች ማልቀሷ ስለሆነ ነው።

አንተን በረዶው ተራራው ላይ ካስቀረህ ወዲህ ታናሻችን ኡርክን ሥራህን ልያዝ፣ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ገመድና ዕቃ ልሸከም ይል ጀመር። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። "ታዲያ አንቺ በሩጫ ልታስተዳድሪን ነው?" አለኝ እየሳቀ። ቀልዱን ነበር፤ እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት። በዘንድሮው የተራራ ውድድር ከሴቶች አንደኛ የምትወጣውን አንድ የካትማንዱ ክለብ በደመወዝ እንደሚቀጥር ሰምቼ ነበር። "ካሸነፍኩ አትሄድም፣ ማልልኝ" አልኩት። በእናታችን ራስ ማለልኝ።

ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ዳር ተነሳን። ሱስሚታ የምትባል የቆላ ልጅ እስከ ተንጠልጣዩ ድልድይ ድረስ ከፊቴ ነበረች። ጫካው ውስጥ ዳገቱ ሲጀምር ትንፋሽ አጠራት። ሳልፋት "አንቺ ሰው ነሽ ፍየል?" አለችኝ።

"እንደ ዳገቱ ነው" ብያት ሄድኩ።

በየመንደሩ ሴቶቹ የተቀቀለ ድንች እያስጨበጡኝ "አይዞሽ የእኛ ልጅ! አሳዪያቸው!" ይሉኝ ነበር። የእግሬ ጥፍር ተነቅሏል፣ ሆዴ የገባለትን ሁሉ ይመልሳል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰፈራችን በላይ ካለው፣ ጸሎት ከተቀረጸባቸው ድንጋዮች ከተካበው ግንብ ስደርስ፣ መንገዱ እንደምታውቀው ለሁለት ተከፍሎ ግንቡን ግራና ቀኝ ያልፍና ጫፉ ላይ ይገናኛል። የውድድሩ ቀይ ሪባን የታሰረው በቀኝ በኩል ነው። አየሁት። የትኛው ጅል ነው ያሰረው አልኩ በልቤ። ሰው ለክብሩ ግንቡን ወደ ቀኙ አድርጎ በግራው መንገድ እንደሚያልፍ ልጆች እንኳ ያውቃሉ። ከድንጋዮቹ አንዱ ደግሞ እናታችን ለአንተ ያስቀረጸችው ነው። አስከሬንህ አልወረደም፤ ከዚያ ድንጋይ ሌላ የምንሄድበት የለንም። አንተን በማይገባ በኩል ጥዬ ልለፍ? በግራ ሄድኩ። በዚያ በኩል እንዲያውም ይረዝማል። በእጄ ዳሰስኩህና ሮጥኩ።

የውድድሩ ማብቂያ የሆነው ገዳም ደጅ አንደኛ ገባሁ። ኡርክን በትከሻው ተሸክሞኝ ሜዳውን ዞረ። "ቀረሁልሽ! ቀረሁልሽ!" እያለ ይጮህ ነበር።

ከዚያ ዳኛው መጣ። "እህቴ፣ ግንቡ ጋ ያለው ድንኳን ቁጥርሽን አልመዘገበም። በየት በኩል ነው ያለፍሽው?"

"በግራ።"

"ድንኳኑ እኮ በቀኝ ነው። ሪባኑን አላየሽም?"

"አይቼዋለሁ።"

አጎታችን ግያልዘን ዘሎ መሐላችን ገባ። "እናንተ ሰዎች፣ ድንኳን ስትተክሉ አንድ የአገር ሽማግሌ ብትጠይቁ ምን ትሆናላችሁ? ልጅቷ የሄደችው በረጅሙ ነው እኮ!"

"አባቴ፣ ይገባኛል። ደንቡ ግን ያልተመዘገበ አይቆጠርም ነው የሚለው" አለ ዳኛው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኔን ማየት አቃተው። በእኔ ፈንታ አንደኛ የተባለችው ሱስሚታ ሜዳሊያውን አውልቃ "እንኪ፣ ያንቺ ነው" አለችኝ። ሜዳሊያ ምን ያደርግልኛል?

ወደ ቤት ስንመለስ ኡርክንን "ምለህልኛል" አልኩት።

"ካሸነፍሽ ነው ያልኩት፣ ያንጂዬ።"

"አሸንፌያለሁ!"

"ለእኛ አሸንፈሻል" አለኝና ጉንጬን ሳመኝ። ከዚያ ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ።

ጃንግቡ፣ ተናድጄብሃለሁ። በቀኝ ባልፍ ኖሮ ትቀየመኝ ነበር? እዚያ ያለኸው እኮ ድንጋይ ነህ! ኡርክን ግን ሥጋና ደም ነው፣ ያንኮራፋል፣ ያበሽቀኛል፣ ቂጣ ይሰርቀኛል። ለሞተው ብዬ በሕይወት ያለውን አሳልፌ ሰጠሁ። ይህን ሳስብ ልብሴን ቀድጄ እንደ እብድ ገደል ለገደል ልሩጥ ይለኛል። እናታችንም ይህን ታውቃለች።

ነገ አንተ ባለህበት በኩል ያልፋል። እኔ አክብሬህ አልፌያለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው። ነፋስ አስነሳ፣ እግሩን ወለም አድርገው፣ ፈሪ ይባል፣ እንደምንም ብለህ መልሰው። ልለምንህ የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ። ካልመለስከው ግን ስማኝ፦ ለእሱም ሁለተኛ ድንጋይ ተሸክሜ ወደዚያ ግንብ አልመጣም።

እህትህ ያንጂ