የመሃሉ ወንበር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የጉልበት ቁርጥማት እንዴት አድርጎሻል? ሥራሽስ፣ አሁንም በፈረቃ እያመላለሱሽ ነው ወይስ ወደ ቀን መለሱሽ? ባለቤትሽ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ ጥርሷን ነቅላ የተነሳችውን ፎቶ እማማ ከራስጌዋ ሰቅላዋለች፤ ቤት የመጣ እንግዳ ያንን የጎደለ ጥርስ ሳያደንቅ ውሃም አይቀርብለትም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ላልፈው አስቤ ነበር፤ አንቺ ግን እውነቱን ጻፍልኝ ስላልሽ «አለን» ላይ ልቁም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አጻጻፉ ጠፍቶኝ ነው። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው፣ አባባ ጭራሽ ረሳኝ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ላንድሮቨሯን ለባለ ሆቴሉ ሽጡለት፣ አባባ አንድ ቀን ይዟት ወጥቶ ራሱንም ሰውንም ሳይጎዳ ከዓይኑ ትራቅ የሚል ነው። ለእኔ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሆነውብኛል። እንዴት እንደሆኑ ከመነሻው ላጫውትሽ።

የስልኩን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ። «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅህ» ስትይው፣ «ተሳስተሻል እመቤቴ፣ የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት ናት» ብሎ ስልኩን ለእኔ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ እማማን ታናግሪያለሽ፣ እኔን ታናግሪያለሽ፣ እሱን አገናኙኝ ብለሽ ግን አታውቂም። አልፈርድብሽም። እኔ ብሆን ስልኩን ግድግዳ ላይ እፈጠፍጠው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ድልድዩ ላይ ነው። ድልድይ ሳይኖር አባባ በላንድሮቨሯ ወንዙን እንዴት ይሻገር እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ በወሬ ነው የደረስኩበት። ዳር ላይ ያቆምና ኮፈኑን ከፍቶ የፋኑን ቺንጋ፣ ያቺን የጎማ ቀበቶ፣ ይፈታል፤ ፋኑ ውሃ ውስጥ እየዞረ ሞተሩ ላይ እንዳይረጭ ነው። ቺንጋዋን አንቺ ጭን ላይ ያኖራታል፣ ማዶ ሲወጣ ተቀብሎሽ ይመልሳታል። ዩኒፎርምሽ በግራሶ ተለውሶ በገባሽ ቁጥር እማማ «ይህችን ጣውንቴን አንድ ቀን በእሳት ነው የማነዳት» ትል እንደነበር ዛሬም ታወራዋለች። መኪናዋን ጣውንቴ ማለቷን እስካሁን አልተወችም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እማማን ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት ይዟት ወጣ። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ አቆመ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቺንጋዋን ፈታ፣ መጥቶ እማማ ጭን ላይ አኖራት። እማማ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን በከባዱ ማርሽ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት ድልድይ ላይ ወንዝ ተሻገረ። ከዚያ ቺንጋዋን ሳይመልስ ዳገቱን ተያያዘው። ሞተሩ ሲፈላና እንፋሎቱ መስታወቱን ሲሸፍነው አቆመ። እማማ ወርዳ ቺንጋዋን ብትሰጠው አልተቀበላትም፤ ያቺ ልጅ ቺንጋዬን ይዛ የት ገባች እያለ ከመንገዱ ዳር ይፈልግሽ ጀመር። ስምሽን እየጠራ። ጎረቤታችን በያጁ ሄዶ ጎትቶ እስኪያመጣቸው እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነበር። ያኔ በስልክ «መኪናዋ ተበላሸች» ብለን ያለፍንልሽ ይህንን ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃ ያኖረበት ሲጠፋው፣ ያወራውን መልሶ ሲያወራው፣ እርጅና ነው እያልን እናልፈው ነበር።

ሐኪሙ መሪ እንዳይጨብጥ ከለከለው። የቅርቡ ነገር ቀድሞ ይሄዳል፣ የሩቁ ይቆያል፣ አለን። እንዳለውም ሆነ። መጀመሪያ የሄድኩት እኔ ነኝ። አባባ አሁን የሚኖርበት ጊዜ አንቺ ኤቢሲዲ የምትቆጥሪበት ጊዜ ነው፤ በእሱ አቆጣጠር እኔ ገና አልተወለድኩም። አባባ ብዬ ስጠራው ግራ ይገባውና «የማን ልጅ ነህ?» ይለኛል፤ ሲጨንቀው ሳየው ተውኩት። አሁን «ጋሼ» ነው የምለው፣ በአንቱታ። እሱም ረዳቱ አድርጎኛል። እማማን አንዳንድ ቀን ያውቃታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ «እማዬ» ይላታል። እሷም «ከሚስትነት ወደ ራሴ አማትነት ተሾምኩ» ብላ ትስቅና ወደ ጓዳ ትገባለች። ጓዳ ገብታ ምን እንደምትሆን አልጠይቃትም፤ ሆድ ይፍጀው።

እንዳይነዳ ባትሪውን አውጥቼ በያጁ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ፤ ስለዚህ መኪናዋን ይዞ ይወጣል ብለሽ አትስጊ። እሱ ግን ማን ሆነና ነው፣ ኮፈኑን ከፍቶ ገና እንዳየ ባትሪው የት አለ አለኝ። ቻርጅ ሊደረግ ሄዷል አልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ በየቀኑ ቻርጅ ላይ ነው እለዋለሁ፣ በየቀኑም እንዲህ ያለ ዳተኛ ረዳት በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ይነግረኛል። ስድቡን ለምጄዋለሁ። አንዳንዴ የልጅነቴ ቁጣው ትዝ ይለኝና ይጣፍጠኛል።

የሚገርምሽ፣ የእኔን ስም ያጣ ራስ የላንድሮቨርን ታሪክ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ይወርደዋል። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዞ በሮቿን እየወለወለ ለእኔ ለአዲሱ ረዳት ያስተምረኛል። ከትልቁ ጦርነት በኋላ ብረት ጠፍቶ በራሽን ይታደል እንደነበር፣ አልሙኒየም ግን ከአውሮፕላን ሥራ ተርፎ ስለነበር አካሏን ከእሱ እንደሠሩት። «ለዚህ ነው ዝገት የማያውቃት፤ ችግር ነው መልኳን የሰጣት» ይላል። የመጀመሪያው ቀለሟም ያው ከጦር ኃይሉ የተረፈ አረንጓዴ ነበር አሉ። ንድፏን አንድ መሐንዲስ ባሕር ዳር ከወንድሙ ጋር ቆሞ አሸዋ ላይ ጫረው። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ጨርቁን ያቆምና «ማዕበሉ ትንሽ ቢፈጥን ኖሮ እንጀራችን ተበልቶ ነበር» ይለኛል። እኔም እንደ አዲስ እስቃለሁ።

ሰው ለምን እንዲህ እንደወደዳት ሲያስረዳኝ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል። የማይፈታ ብሎን፣ እጅ የማይገባበት ቦታ የላትም፤ ፒንሳና ሽቦ የያዘ ሰው በረሃ ላይ አይቀርም። በሯ ይነቀላል፣ ጣሪያዋ ይነሳል፣ መስታወቷ ይተኛል። ወፍጮ ጭናለች፣ ሙሽራ ጭናለች፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ አስከሬን፣ የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ። «ለሌላው መኪና አስቀድሞ መንገድ ይሠራለታል፤ እሷን ግን መንገዱ ነው የሚከተላት» ይላል። እውነቱን ነው። መንገዱ ተከተላት፤ አስፋልቱ እስከ ደጃችን መጣና ሥራዋን ወሰደባት። አሁን ሰው በሚኒባስ ያልፋታል። ያንን የድሮውን ቅርጽ መሥራት ማቆማቸውን ደህና በነበረበት ጊዜ ከሬድዮ ሰምቶ እራቱን ሳይበላ የተኛ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ያንንም ረስቶታል። መርሳት የጠቀመው ለዚህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ከሰዓት በኋላ ከኛ ሰፈር በታች ያለው ትምህርት ቤት የመውጫ ደወል ሲደወል፣ አባባ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ይነሳል። እጁን ይታጠባል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ጋቢና ገብቶ መሪውን ይዞ ይቀመጣል። ረዳቱ በወዲያኛው በር ገብቼ ጥግ እይዛለሁ። መሃል ያለችው ጠባቧ ወንበር ባዶ ናት። አንድ ቀን ጣሪያው እያፈሰሰብኝ ወደ መሃል ጠጋ ብል እጅጌዬን ይዞ ወደ ጥግ መለሰኝ። «እሱ የልጄ ቦታ ነው» አለኝ። ከዚያ በቁጣው አፍሮ መሰለኝ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ ላንድሮቨር መጀመሪያ ስትሠራ ለሙከራ መሪዋን መሃል ላይ አድርገውት እንደነበር፣ ስለዚህ ዋናው ሾፌር መሃል የሚቀመጠው መሆኑን፣ ይህንንም ለልጁ ነግሯት በዚህ ምክንያት ወንዙን ስትሻገር መፍራት እንዳቆመች። ትዝ ይልሻል? እኔ ይህን ተረት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለእኔ ጊዜ ድልድይ ነበረ፣ የሚያስፈራኝ ወንዝ አልነበረም።

እውነቱን ጻፍልኝ ብለሽ የለ? ቀናሁብሽ እታለም። እዚሁ አጠገቡ ኖሬ፣ አጥቤው፣ አጉርሼው፣ የሚጠብቀው አንቺን ነው። ያን ቀን ጋራዥ ገብቼ አለቀስኩ። ደግሞ ቅናቱ ሲያልፍልኝ ደስ አለኝ፤ እኛን ሁሉ ሲያራግፍ የጨበጠው አንድ ነገር ስላለው።

ሲመሽ እማማ በር ላይ ትወጣና «ልጅቷ ገብታ ተኝታለች» ትለዋለች። «በላች?» ይላል። በልታለች ትለዋለች። ያኔ ብቻ ነው ከመኪናው የሚወርደው። እንግዲህ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ናፍቆትሽ ይገድለናል ስንል፣ በአባባ ቤት በየቀኑ ትገቢያለሽ፣ በልተሽም ትተኛለሽ።

ባለ ሆቴሉ ሊገዛት መጥቶ ነበር። የሆቴሉ ደጅ ላይ አቁሞ፣ የጭነቱን ቦታ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት ነው የፈለጋት። አባባ ተሳፋሪ መስሎት ጥጉን ሰጠውና ስለ አሸዋው፣ ስለ አልሙኒየሙ ሲያጫውተው ዋለ። ሰውየው ደግ ነው፣ ሳያቋርጥ ሰማው። ደወሉ ተደውሎ አባባ ኮቱን ሊለብስ ሲነሳ ባለ ሆቴሉ ነገሩ ገባው። ሲወጣ በሩ ላይ ትከሻዬን ይዞ «እኔ አልቸኩልም ወንድሜ» አለኝ። እማማም ጣውንቷን በእሳት ማንደዷ ቀርቶ፣ ትሸጥ የሚል ካለ እኔን አስቀድሞ ይሽጠኝ ብላለች። ስለዚህ መኪናዋ አትሸጥም። ወንበሩን ሸጠን አንቺን የት እናስቀምጥሻለን?

አባባ አንቺን አልረሳሽም። የረሳው መሄድሽን ነው። በስልክ የሰማው የትልቅ ሴት ድምፅ ስለሆነ፣ የእሱ ልጅ ደግሞ ገና ትንሽ ናትና፣ ተሳስተሻል አለሽ። ይህ ልብሽን ያበርደው ይሆን ወይስ ይብስበት፣ አላውቅም።

ፈቃድ ካገኘሽ ክረምቱ ሳይገባ ነይ። ሐኪሙ የሩቁ ይቆያል እንጂ አይሄድም አላለንም። ስትመጪ ከሰዓት በኋላ ድረሽ። ቤት አትግቢ፣ ሻንጣሽን ለበያጁ ስጪው። ደወሉ ሲደወል በወዲያኛው በር ግቢና መሃሉ ላይ ተቀመጪ። እኔ ነኝ አትበይው፣ አታልቅሺበት። ዛሬ ምን ተማርሽ ይልሽ ይሆናል፤ የመጣልሽን ንገሪው። እኔ ረዳቱ በሩን እዘጋላችኋለሁ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወገቡን በሙቅ ጨርቅ ይያዝ። ትልቁን ልጅ እጁን ጨብጪልኝ፣ ትንሿን በጎደለው ጥርሷ በኩል ሳሚልኝ። እማማ ዓይንሽን በዓይኔ ያሳየኝ ትላለች። ባለቤቴ ያዘጋጀችልሽን ነጠላ እንደያዘችልሽ ነው፣ ስትመጪ ትለብሻለሽ። በያጁም ሰላም በላት፣ ባትሪው ደህና ነው ይላል።

የአባባ ሰላምታ ቀረኝ። ከራሴ ፈጥሬ ልጽፍልሽ ነበር፣ ደግሞ ፈራሁና ሄጄ ጠየቅሁት። ጋሼ፣ ለልጅዎ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልዎት አልኩት። መሪውን እንደያዘ እንዲህ አለኝ፦ «በሩ ላይ ትጠብቀኝ፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዳትሄድ። ባትሪው እንደመጣ እመጣለሁ በልልኝ።»

ወንድምሽ፣ ረዳቱ

ከአባባ ግቢ፣ ከጋቢናው ጥግ
ዓርብ፣ ጥር 9 ቀን