አባባ ተራቸውን ሲለቁ

ሰኞ

ቀዩ ሱቅ ፈርሷል። የአክስቴ ልጅ የሺ «ቀዩ ሱቅ ጋ ውረዱ፣ ከዚያ ቤቴ ቅርብ ነው» ብላን ነበር። የታክሲው ረዳት ሳቀብኝ። መንገዱ ሲሰፋ ከፈረሰ ወር አልፎታል አለ። አባባን ይዤ፣ ሻንጣና ፌስታል አንጠልጥዬ፣ አቧራ ውስጥ አንድ ሰዓት ዞርኩ። ደብረ ታቦር ቢሆን በዚህ ሰዓት ከተማውን ዳር እስከ ዳር ሁለቴ እጨርሰው ነበር።

አባባ ጉሮሯቸው ላይ ያለው እብጠት ብሶባቸዋል። ከትናንት ጀምሮ ውኃም እያነቃቸው ነው። ቀጠሯቸው ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ዘንድ። ወረቀቱ ላይ በቀይ ተጽፏል፦ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው እንደገና የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሦስት ወር የሚቆዩ አይመስለኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

የነገውን መንገድ ተለማመድን። ታክሲ፣ ባቡር፣ ከሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ!

አባባ ባቡሩን ወደዱት። በመስኮት አዲሱን የእግረኛ መንገድ እያዩ «እንደ አውድማ ለቅልቀውታል እኮ» እያሉ ሕመማቸውን ረሱ። እኔም ረሳሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ሜክሲኮ ሰልፉ ላይ ግን አበድኩ። እኛ በተወለድንበት አንበሳሜ ሰው ሲመጣ «ኖር!» ብሎ ተነሥቶ ቦታ መልቀቅ ነው። አባባ የታክሲ ሰልፉም ቤት መሰላቸው። ለእርጉዟ ኖር። ለመነኩሲቷ ኖር። ሻንጣ ለከበደው ጎረምሳ ሳይቀር ኖር! አራት ታክሲ አመለጠን። ነገ እንዲህ እንዳያደርጉ ለመንኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉኝ። እሺታቸውን አውቀዋለሁ።

ረቡዕ

አባባን ጣልኳቸው።

ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበርን፤ እስከ ሜክሲኮ ሁሉም ተሳክቶልናል። የመጨረሻው ታክሲ ሲመጣ ከኋላዬ ናቸው ብዬ ተጋፍቼ ገባሁ። በሩ ሲዘጋ አጠገቤ የተቀመጠችው ሕፃን የያዘች ሴት ነበረች። «አባት ለቀቁልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው» አለችኝ።

ወራጅ አለ ብዬ ጮኽኩ። ሮጬ ስመለስ የሉም። ስልክ አልያዙም። ፖሊስ ጠየቅሁ፣ ተራ አስከባሪ ጠየቅሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስት አለፈ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ልጅ ሆኜ ሐሙሲት ገበያ ሲወስዱኝ «ብንጠፋፋ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቂኝ» ይሉኝ ነበር። ሐሙሲት ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ነው፤ መምረጥ አያስፈልግም። እዚህ ግን የትኛው ቤተ ክርስቲያን? ሦስተኛው ላይ፣ ልደታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አምስት ሰዓት ሆኗል። «ምነው ዘገየሽ ልጄ?» አሉኝ። ጮኽኩባቸው። በአባቴ ላይ፣ በሰው ፊት። አንገታቸውን ደፉ። አፈርኩ፣ ግን ዝም አላልኩም።

ሐሙስ

ቀጠሮ የምትሰጠው ሴት መዝገቡን አየችና ሦስት ወር አለች። አለቀስኩ። ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጠዋት ጠዋት መጥታችሁ ጠብቁ፣ የቀረ ሰው ካለ በሱ ፋንታ ትገባላችሁ አለችኝ። እንግዲህ የምንጠብቀው የሰው መቅረት ነው።

አባባ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ሕፃን የያዘች ሴት ቆማ እኔ ልቀመጥ ኖሯል?»

ዓርብ

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደርሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። በልቤ የጸለይኩትን ልጻፈው፦ ታክሲ ይጥፋ፣ መንገድ ይዘጋ፣ አንድ ሰው ይቅር።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ። አቤት ያለ የለም። ከዚያ አባባ ተጠሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ያን ሰው ምን አግኝቶት ይሆን?» አሉኝ። ይግቡ አባባ፣ ይግቡ ብዬ ገፋ አደረግኳቸው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው እያለከለኩ መጡ። ልጅቷ የእኔን የመሰለ ወረቀት ጨብጣለች። ታክሲ አጥተን ነው፣ ስማቸው ተጠራ እንዴ? አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ይህን የምጽፈው እዚያው ሆኜ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው። አግዳሚው ሞልቷል። ባዶው ቦታ የአባባ ብቻ ነው፤ ቦርሳዬን አስቀምጬበታለሁ። ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አባባ ገና አልወጡም። ሲወጡ እኒህን ሰው ቆመው፣ እኔን ተቀምጬ ያገኙናል።